ትልቅ ብረት በትንሽ ቶርኖ

አንድ ጀማሪ አሮጌ ማይፎርድ ኤምኤል 7 ገዛና ጥያቄውን ይዞ ወደዚህ ጸሐፊ መጣ። ለእንፋሎት ሞተር የሚሆን ፍላይዊል ሊያወጣ አስቧል፤ ብረቱ በጋዝ የተቆረጠ ክብ ነው፣ ዲያሜትሩ 240 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 25፣ ክብደቱ 9 ኪሎ ገደማ። ይህች ትንሽ ቶርኖ ትችለዋለች ወይ? አብሮ የነበረ ሌላ ባለሙያ ቀድሞ መለሰለት፦ ሞተሩን አውጣና ፍጥነቱ በኤሌክትሮኒክስ የሚስተካከል ግጠምባት፣ የካርባይድ መቁረጫ ግዛ፣ ዙሩን የሚቀንሰውን ማርሽ፣ ባክ ጊሩን፣ እርሳው።

ጸሐፊው የሚሟገተው ለዚያ ማርሽ ነው።

ኤምኤል 7 በ1946 እ.ኤ.አ. ኖቲንግሃም አጠገብ ቢስተን ከነበረው የማይፎርድ ፋብሪካ ስትወጣ፣ በየጓሯቸው ለሚሠሩ ሰዎች ታስባ ነው። ከአልጋዋ በላይ የምታዞረው 180 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ከቻኩ ሥር ግን አልጋው ጎድጎድ ተደርጎ የተተወ ክፍተት ስላለ እስከ 254 ሚሊ ሜትር ታሳልፋለች። የሠሯት ሰዎች ክፍተቱን ብቻ ትተው አልሄዱም፤ የሚያስፈልገውንም ፍጥነት አብረው ሰጧት። ባክ ጊሩ ሲገባ በደቂቃ 35፣ 62 እና 110 ዙር፣ ሲወጣ 200፣ 357 እና 640።

240 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ብረት በ35 ዙር ሲዞር ጠርዙ በደቂቃ 26 ሜትር ያህል ይጓዛል። ለስላሳ ብረት በሃይ ስፒድ ስቲል ሲቆረጥ የሚስማማው ፍጥነት ይኸው ነው። በ200 ዙር ግን 150 ሜትር ይደርስና የመቁረጫው ጫፍ ተቃጥሎ ይደነዝዛል። ካርባይድ ያን ፍጥነት ይችለዋል፤ የማትችለው ቶርኖዋ ናት። መቁረጫው የሚገጥመው ግፊት እኩል ቢሆን እንኳ፣ ከመሃል በ120 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ የሚያስፈልገው የማዞር ጉልበት በ20 ሚሊ ሜትር ላይ ከሚያስፈልገው ስድስት እጥፍ ነው። ባክ ጊር ዙሩን ወደ ስድስት እጥፍ ሲቀንስ ጉልበቱን በዚያው ልክ ያበዛል። ኤሌክትሮኒክሱ ይህን አያደርግም። ሞተሩን ቢያዘገየውም ጉልበቱ አይጨምርም፤ በራሱ ዘንግ ላይ ያለው ማቀዝቀዣም አብሮ ስለሚዘገይ ሞተሩ ይግላል። በማርሹ ላይ ተጨምሮ ከሆነ ጸሐፊው አይቃወምም፤ በማርሹ ፈንታ ሲሆን ግን ፈጽሞ አይቀበለውም።

ስለ አስተሳሰሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለ ብረት ፌስፕሌት ላይ በቡሎን ይታሰራል፣ መቁረጫውም ከመያዣው የሚወጣው በጣም አጭር ሆኖ ነው። የሚያከራክረው የመጀመሪያው ቆረጣ ነው። በጋዝ የተቆረጠ ብረት ጠንካራ ቅርፊት አለው። ጀማሪ ፈርቶ ላዩን ሲፍቀው መቁረጫው ቅርፊቱን እያሸ ያልቃል፤ ከቅርፊቱ በታች መግባት አለበት። ብረቱ ተንቀጥቅጦ ሲጮህም ሰው ሁሉ እጁን ወደኋላ ይሰበስባል። ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፦ ዙሩን ቀንሶ መቁረጫውን ደፈር ብሎ መግፋት። በሴጌቶ ሊወርድ የሚችለውን ትርፍ ብረት ደግሞ ቶርኖዋ ላይ መጫን ጨርሶ ተገቢ አይደለም።

ጸሐፊው ትልቅ ብረት የትልቅ ፋብሪካ ጉዳይ ነው እየተባለ ያደገ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራበት ቤት በር ዘበኛ ነበረው፤ መግቢያ ወረቀት ይጠየቅበት ነበር። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ማሽን ያንን ሥራ በእርጋታ ስትሠራ ማየት ለእሱ የተለየ ትርጉም አለው። በ35 ዙር ብረቱ ሲላጥ በዓይን ይታያል፤ ከመቁረጫው ፊት ሲነሳ፣ ሲጠቀለል፣ ቀለሙ ሲለወጥ ይታያል። መቁረጫው ሲደነዝዝ ዓይኑ ሳያይ ጆሮው የሚነግረው እንዲህ ካለች ማሽን አጠገብ ቆሞ ስለተማረ ነው። የፍጥነት ወዳጆች ይህን ጊዜ ማባከን ይሉታል። እሱ ከሙያው የሚወደው ክፍል ይህ ነው።

ለጀማሪው የሰጠው መልስ አጭር ነበር። ፊቱን ከጠርዝ ወደ መሃል ሲቆርጥ በ35 ይጀምር፤ መቁረጫው 140 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ላይ ሲደርስ ቺንጊያውን ወደ 62 ያዛውር፣ 80 ላይ ደግሞ ወደ 110። በሁለቱም ቦታ ፍጥነቱ እንደገና 27 ሜትር ገደማ ይሆናል። ፊቱን ጨርሶ ዙሪያውን መቁረጥ ሲጀምር ወደ 35 ይመለስ።