«ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ ለስላሳ ነው» የሚለው ምክር የት ላይ ይሳሳታል?

ባለፈው ክረምት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ፊቷን በነጠላ ሸፈን አድርጋ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ» ብላ ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። እህቷ ከአሜሪካ የላከችላት የሬቲኖል ሴረም ነበር። ልጅቷ ብጉር አለባት፤ ቆዳዋም ሳሙና ሲቀየርበት እንኳን የሚቆጣ ዓይነት ነው። ስለዚህ «በሐኪም ማዘዣ የሚሰጠው ላንቺ ይከብድሻል፣ ይሄኛው ለስላሳ ነው» ተብላ በየማታው ለሦስት ሳምንት ቀባችው። ፊቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ተላጠ፣ መላጡ ሲያቆም ጉንጮቿ ላይ ጥቁር ጥላ ቀረ። ብጉሩ ግን እንዳለ አለ።

«ለስላሳውን ነበር እኮ የመረጥኩት» አለችኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ «ለስላሳ» የሚለው ቃል ነው። ስለ ሬቲኖይዶች (ከቫይታሚን ኤ የሚገኙ ወይም እንደ እሱ የሚሠሩ ውሕዶች ማለት ነው) ምክር የሚሰጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ አንድ መሰላል ይስሉላችኋል። ከታች ያለ ማዘዣ የሚሸጠው አለ፤ ደካማና የማይጎዳ። ከላይ በማዘዣ የሚሰጠው አለ፤ ኃይለኛና የሚያቃጥል። ቆዳችሁ ስስ ከሆነ ከታች ቁሙ ይሏችኋል። ምክሩ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ችግሩ ማዘዣ የሚባለው ነገር የሕግ መስመር መሆኑ ነው። ቆዳ መለኪያ ብለን ከያዝነው እንሳሳታለን።

አዳፓሊንን እንይ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ይህን ሬቲኖይድ በ1996 ለብጉር ሲፈቅድ በማዘዣ ብቻ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በሐምሌ 2016 ደግሞ 0.1 በመቶ የሆነው ጄል ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ፈቀደ። የተለወጠው መደርደሪያው እንጂ ሞለኪውሉ አይደለም። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ዘመዳችሁ ከወተትና ከዳቦ ጋር ቅርጫቷ ውስጥ ትጨምረዋለች፤ ለንደን ያለችው ግን ማዘዣ ትጠየቃለች። የሁለቱ እህትማማቾች ቆዳ ግን ያው ነው። እንግዲህ መሰላሉ ላይ አዳፓሊንን የት ልታስቀምጡት ነው?

በሞለኪውሎቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን እውነተኛ ነው። ትሬቲኖይን፣ ማለትም ሬቲኖይክ አሲድ፣ በቆዳ ሕዋሳት ውስጥ ካሉት ተቀባዮች ጋር በቀጥታ የሚገጥም ያለቀለት ነገር ነው፤ የተጋገረ እንጀራ በሉት። ሬቲኖል ግን ገና ዱቄት ነው። የቆዳችሁ ኢንዛይሞች መጀመሪያ ወደ ሬቲናልዴሃይድ፣ ከዚያ ወደ ሬቲኖይክ አሲድ መለወጥ አለባቸው። ከሚቀባው ውስጥ ብዙው በማከማቻ መልክ ይቀመጣል፤ ምጣዱ ላይ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ብዙ መዋቢያዎች ላይ ስሙን የምታዩት ሬቲኒል ፓልሚቴት ደግሞ ከዚህም አንድ እርምጃ ወደኋላ የቀረ ነው፤ ያልተፈጨ ጤፍ። አዳፓሊን ለብቻው ይታያል። በቤተ ሙከራ የተሠራ ሲሆን መለወጥ ሳያስፈልገው ከተቀባዮቹ ከአንዳንዶቹ ጋር ይገጥማል። ብጉር ላይ በተደረጉ ንጽጽሮች ከትሬቲኖይን ያነሰ እንደሚያቃጥል በተደጋጋሚ ታይቷል።

«ዱቄት ስለሆነ አያቃጥልም» የሚለው አስተሳሰብ የመጣው ከዚህ ነው። ግን ስንት ዱቄት? ምክሩ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ተማሪዬ ያመጣችው ጠርሙስ ላይ የሬቲኖሉ መጠን አልተጻፈም። የትሬቲኖይን ክሬም ስትገዙ 0.025 ወይም 0.05 ወይም 0.1 በመቶ የሚል ታነባላችሁ፤ መድኃኒት ነውና። አሜሪካ ውስጥ እንደ መዋቢያ የሚሸጥ ሬቲኖል ግን መጠኑን የመናገር ግዴታ የለበትም። በዚያ ላይ ሬቲኖል አየርና ብርሃን ሲያገኘው ይበላሻል፤ ጠርሙሱ ሲከፈት የነበረው ከሁለት ወር በኋላም አለ ማለት አይቻልም። «ሬቲኖል ከትሬቲኖይን 20 እጥፍ ይደክማል» የሚለውንም ሰምታችሁ ይሆናል። በምን ተለክቶ? በቆዳ ውፍረት ነው፣ በሽብሽባት ነው፣ ወይስ በመቅላት? መልሱ እንደ መለኪያው ይለያያል። መጠኑ ያልታወቀ ነገር ደግሞ 20 እጥፍም ሆነ ሁለት እጥፍ ሊባል አይችልም።

ለሬቲኖል ጠበቃ የሚቆሙ ሰዎች ሁለት ጥናቶችን ይጠቅሳሉ፤ ሁለቱም የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ ናቸው። በ1995 የወጣው ሬቲኖል የቆዳን የላይኛውን ክፍል እንደ ሬቲኖይክ አሲድ እንደሚያወፍር፣ ግን እንደ እሱ እንደማያቀላ አሳየ። ግሩም ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን ለአጭር ጊዜ የተደረገ ነው፣ የተጠቀሙትም 1.6 በመቶ ሬቲኖል ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ደንብ ለፊት መዋቢያ የፈቀደው ከፍተኛ መጠን 0.3 በመቶ ብቻ ነው። ሁለተኛው የ2007ቱ ነው። አማካይ ዕድሜያቸው 87 ዓመት የሆነ 36 አረጋውያን ክንዳቸው ላይ 0.4 በመቶ የሬቲኖል ሎሽን በሳምንት እስከ ሦስት ጊዜ፣ ለ24 ሳምንት ተቀቡ፤ ጥቃቅኑ ሽብሽባት ቀነሰ። ከአረጋውያን ክንድ ተነስቶ ወደ አንዲት ወጣት ብጉራም ጉንጭ፣ ከዚያም ወደ «በየማታው» መዝለል ግን ጥናቱ ያልሰጠን ፈቃድ ነው። (በነገራችን ላይ የአውሮፓው ገደብ የወጣው ቆዳ እንዳይቃጠል ታስቦ አይደለም፤ ከምግብ ከምናገኘው ጋር ተደምሮ በሰውነታችን ውስጥ ቫይታሚን ኤ እንዳይበዛ ነው። ሌላ መስመር፣ ሌላ ምክንያት።)

ስስ ቆዳ ላለው ሰው ከሁሉም በላይ ይጠቅማል ብዬ የማምነው ግን ብዙም የማይወራለት ሌላ የ1995 ጥናት ነው። ግሪፊትስና ባልደረቦቹ ፊታቸው በፀሐይ የተጎዳ 99 ሰዎችን ለ48 ሳምንት ተከታተሉ። አንዱ ቡድን 0.1 በመቶ ትሬቲኖይን፣ ሌላው 0.025 በመቶ፣ ሦስተኛው መድኃኒት የሌለበት ክሬም ተቀባ። መጨረሻ ላይ የሁለቱ ትሬቲኖይኖች መሻሻል ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ፤ መቆጣቱ ግን በ0.1ዱ በግልጽ በዝቷል። መጠኑ አራት እጥፍ ሲሆን ጥቅሙ አልተከተለውም፣ ጉዳቱ ነው የተከተለው። ስለዚህ በማዘዣ በሚሰጠው ወገን ውስጥም ዝቅ ያለ ቦታ አለ፤ ያውም መጠኑ ተጽፎ የሚታወቅ፣ በዓመት ጥናት የተፈተነ። «ስስ ቆዳ ስላለሽ ማዘዣውን ተዪው» የሚል ሰው ይህን ቦታ ይሰውርባችኋል።

የቆዳችን ቀለምም ሒሳቡ ውስጥ መግባት አለበት። ትሬቲኖይንን ለሕክምና ያበቁት የፔንሲልቬንያው አልበርት ክሊግማን ነበሩ፤ በፊላደልፊያ ሆምስበርግ እስር ቤት አብዛኞቹ ጥቁር በሆኑ ታሳሪዎች ቆዳ ላይ ለዓመታት ሙከራ አድርገዋል፤ የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ቤት በ2021 ይቅርታ ጠይቋል። ጥቁር ሕመምተኞች በራሳቸው ችግር ዙሪያ የተጠኑበት የታወቀ ሥራ የወጣው በ1993 ነው፤ 54 ሰዎች፣ 40 ሳምንት። ትሬቲኖይን ከብጉርና ከመሳሰሉት ቁጣዎች በኋላ የሚቀረውን ጥቁረት እንደሚያቀል አሳየ። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ይኸው መድኃኒት ቆዳውን ካስቆጣው ያንኑ ጥቁረት ራሱ ሊያመጣ ይችላል። ነጭ ቆዳ ላይ መቅላቱ በሳምንት ይጠፋል፤ እኛ ላይ ጥላው ወራት ይቀመጣል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በየሺህ ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ያለ ፀሐይ መከላከያ ሬቲኖይድ መቀባት እዚህ አገር አያዋጣም።

ታዲያ ማዘዣ ምን ይሰጣችኋል? እንደ እኔ ትልቁ ስጦታ ቲዩቡ አይደለም፤ ፊታችሁን የሚያይ ሰው ነው። «ቆዳዬ ስስ ነው» ብለው ከሚመጡት አንዳንዶቹ ቆዳቸው ሲፈጠር ስስ አልነበረም። ለማድያት ወይም ለማቅላት እየተባለ ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ለወራት ሲቀቡ የሳሳ ነው። እንዲህ ዓይነት ፊት ላይ በማዘዣም ሆነ ያለ ማዘዣ የተገዛ ሬቲኖይድ ማድረግ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ሮዜሺያንና በአፍ ዙሪያ የሚወጣ ሽፍታን ብጉር ብሎ የሚያክምም አለ። እነዚህን የሚለይ ሰው ከሌለ የጠርሙሱ ለስላሳነት ዋጋ የለውም። የቆዳ ሐኪም ማግኘት ለብዙዎቻችሁ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢያንስ ከዚህ በፊት የተቀባችሁትን ሁሉ ይዛችሁ አንድ ፋርማሲስት ጠይቁ።

የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ ችግሩ ብጉር ከሆነና ቆዳው በሌላ ነገር ካልታመመ አዳፓሊን 0.1 በመቶ እመርጣለሁ፤ መደርደሪያው የትም ይሁን። በፀሐይ ለተጎዳ ፊት ደግሞ መጠኑ ካልተጻፈ ሬቲኖል ይልቅ 0.025 በመቶ ትሬቲኖይን በሐኪም ክትትል። ሬቲኖል ካላችሁም መጠኑ የተጻፈ፣ አየርና ብርሃን የማያስገባ ዕቃ ውስጥ ያለ ይሁን። የትኛውም ቢሆን በሳምንት ሁለት ማታ ይጀመራል፤ ለመላው ፊት የአተር ፍሬ የምታክል፣ ማለስለሻ ከተቀባ በኋላ። ብጉር ላይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይሞላ አይፈረድበትም። ችፌ ያለበት ወይም እየተላጠ ያለ ቆዳ መጀመሪያ ይዳን። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ሁሉንም ትተው።

ተማሪዬን አንድ የቆዳ ሐኪም አየቻት። ሴረሙን አስቆመቻት፣ ለስድስት ሳምንት ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያ ብቻ፣ ከዚያ አዳፓሊን በሳምንት ሁለት ማታ። ማዘዣ ተጽፎላት የገዛችውን ያንኑ ጄል እህቷ አሜሪካ ያለ ማዘዣ ታነሳዋለች። አሁን በሳምንት ሦስት ማታ ደርሳለች፤ የግራ ጉንጯ ላይ ያለው ጥላ ገና አልለቀቀም።