«የማይታወቅ» ወይስ «ያልታወቀ»፦ የአንድ የኬሚስትሪ ጥያቄ አማርኛ

በኬሚስትሪ ትምህርት ተደጋግሞ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ። ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ የያዘ፣ ምንነቱ ያልተገለጸ ውሁድ ይቃጠላል፤ የተገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይመዘናል፤ ከዚያም ሞለኪውላዊ ቀመሩ ይጠየቃል። ጥያቄው በአማርኛ ሲቀርብ ውሁዱ አንዴ «የማይታወቅ»፣ አንዴ «ያልታወቀ» ይባላል። ሁለቱ እንደ አንድ መቈጠራቸው ግን አያስኬድም። «የማይታወቅ» ነባር ጠባይን ይናገራል፤ ነገሩን ለዕውቀት የተዘጋ ያስመስለዋል። «ያልታወቀ» እስካሁን ያልተደረሰበትን ያመለክታል። የጥያቄው ሐሳብ ሁሉ ያረፈው በሁለተኛው ላይ ነው።

0.78 ግራም ፈሳሽ ተቃጥሎ 2.64 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 0.54 ግራም ውሃ አስገኘ እንበል። ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ 44 እጅ 12ቱ ካርቦን ስለሆነ 0.72 ግራም ካርቦን፣ ከውሃው 18 እጅ 2ቱ ሃይድሮጅን ስለሆነ 0.06 ግራም ሃይድሮጅን ይወጣል። ድምሩ 0.78 ግራም ነው። በፈሳሹ ውስጥ ሌላ ንጥረ ነገር አለመኖሩን የሚመሰክረው ይህ ድምር ሆኖ ሳለ፣ «ሃይድሮካርቦን» የሚለው ስም መልሱን አስቀድሞ ስለተናገረ ደምሮ የሚያረጋግጥ አይገኝም። «ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል» የሚለውም ሐረግ እንደ ማሟያ ይነበባል፤ ስሌቱን የተሸከመው ግን እርሱ ነው። ይህ ፈሳሽ በተራ አየር ሲነድ ጥላሸት ያወጣል፤ ጥላሸቱም ከሚዛን ያመለጠ ካርቦን ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ኬሚስቶች የጋለ የመዳብ ኦክሳይድ ይጠቀሙ የነበረው ካርቦኑ እንዳያመልጥ ነበር።

አማርኛው ይበልጥ የሚደክመው «ቀመር» ላይ ሲደርስ ነው። 0.72 ለ12፣ 0.06 ለ1 ሲካፈሉ ሁለቱም 0.06 ሞል ይሆናሉ፤ ስለዚህ ለአንድ ካርቦን አንድ ሃይድሮጅን ይደርሳል። ይህ ጥምርታ እንጂ ሞለኪውል አይደለም፤ ለአሴቲሊንም እኩል ይሠራል። ሆኖም የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ውጤት «ቀመር» ስለሚባሉ ተማሪው መንገድ ላይ ቆሞ የደረሰ ይመስለዋል። የፊተኛውን «ቀላሉ ጥምርታ» ብሎ «ቀመር»ን ለሞለኪውሉ ማቆየት ይሻላል። ሁለቱን የሚለየው ሌላ ማስረጃ ነው፦ የፈሳሹ ተን እፍግታ ከሃይድሮጅን ጋዝ 39 እጥፍ ከሆነ፣ የሞለኪውሉ ክብደት 78 ይሆናል፤ 78 ለ13 ሲካፈል 6። ስድስት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅን።

የዚህ ውሁድ ስም ራሱ ለአማርኛ ወጥመድ ነው። «ቤንዚን» ተብሎ ከተጻፈ አንባቢው የሚያስበው የመኪና ነዳጅ ነው፤ ነዳጁ ደግሞ የብዙ ውሁዶች ድብልቅ በመሆኑ አንድ ሞለኪውላዊ ቀመር የለውም። «ቤንዜን» ብሎ መጻፍ ጥያቄውን መልስ የሌለው ከመሆን ያድነዋል። አንድ ፊደል ይህን ያህል የሚሠራበት ቦታ ብዙ አይደለም።

ቤንዜን በእርግጥም ያልታወቀ የነበረበት ጊዜ አለ። ማይክል ፋራዴይ በ1825 እ.ኤ.አ. ለለንደን መብራት ከዘይት ይዘጋጅ የነበረው ጋዝ ሲታመቅ ከሚቀረው ፈሳሽ ለየው። ሚዛኑ አልተሳሳተም፤ ለ1 እጅ ሃይድሮጅን 12 እጅ ካርቦን አግኝቷል። ነገር ግን የካርቦንን ክብደት 6 ብሎ ስለቈጠረ ለአንድ ሃይድሮጅን ሁለት ካርቦን ወጣለት፤ የሰጠውም ስም ይህንኑ ጥምርታ የያዘ ነበር። የአቶም ክብደቶች መስመር የያዙት የካኒዛሮ ጽሑፍ በ1860 እ.ኤ.አ. በካርልስሩኸ ጉባኤ ከተሠራጨ በኋላ ነው። ለ35 ዓመታት ያህል የተለወጠው የፋራዴይ ሚዛን ሳይሆን «አንድ ካርቦን» የሚለው አነጋገር የያዘው ቁጥር ነበር።