ዜና ማንበብ ያልሆነላት አቅራቢ

ኦፕራ ዊንፍሬ እ.ኤ.አ. በ1976 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባልቲሞር ከተማ በሚገኘው ደብሊው ጄ ዜድ ቴሌቪዥን ሥራ ስትጀምር 22 ዓመቷ ነበር። የምሽቱን ዜና፣ በከተማው ስመ ጥር ከነበረው ከጄሪ ተርነር ጎን ተቀምጣ እንድታነብ ነው የተቀጠረችው። አልሆነላትም። ዓመት ሳይሞላት ከዜናው ወንበር አነሷት። ሪፖርተር ሆና ስትወጣም ልጁ የሞተበትን፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ማይክሮፎን ደቅኖ መጠየቅ ይከብዳት እንደነበር፣ ታሪኩን ይዛ ከመመለስ ይልቅ ሰዎቹን መርዳት ያሰኛት እንደነበር ደጋግማ ተናግራለች። ለዜና ክፍል ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

በ1978 ጣቢያው ከሪቻርድ ሼር ጋር የምታቀርበው «ፒፕል አር ቶኪንግ» የተባለ የጠዋት የውይይት መሰናዶ ሰጣት። ከምሽት ዜና ወደ ጠዋት ወሬ መውረድ በሙያው ዓይን ሹመት አይደለም። በመጀመሪያው ዕለት የቀረቡት እንግዶችም አንድ የአይስክሬም ነጋዴና አንድ የተከታታይ ድራማ ተዋናይ ነበሩ። ኦፕራ ግን ያን ቀን ከስቱዲዮ ስትወጣ ቦታዋን እንዳገኘች አወቀች።

ምን ተለወጠ? ይህን የሚጽፈው ሰው እንግዳ ፊት ተቀምጦ በመጠየቅ ሙያ የቆየ ነውና መልሱን ከዚያው ከወንበሩ ይፈልገዋል። ዜና አንባቢ ፊቱን መግዛት አለበት። የሰማው ነገር ፊቱ ላይ ከታየ ዜናው ይበላሻል። የውይይት አቅራቢ ሥራ ደግሞ የሰማው ነገር ፊቱ ላይ መታየቱ ነው። ተመልካች እንግዳውን የሚያየው በአቅራቢው ፊት በኩል ጭምር ነው። ይህን ማድረግ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ይከብዳል። ጆሮ ውስጥ በተሰካው ማዳመጫ አዘጋጁ ደቂቃ ይቆጥራል፣ ጉልበት ላይ ያለው ወረቀት ቀጣዩን ጥያቄ ያሳያል፣ እንግዳው በዚያው መሀል ማንም ያልጠበቀውን ነገር ይናገራል። በዚያች ቅጽበት የአቅራቢው ዓይን ወደ ወረቀቱ ከወረደ እንግዳው ያያል፤ ሊቀጥል የነበረውንም ይውጠዋል። የኦፕራን የቆዩ ቅጂዎች ሙያዬ ብሎ ለሚመለከት ሰው ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ዓይኗ አይወርድም።

ይህ ችሎታ ከየት መጣ ቢባል፣ ከፊሉ ከልጅነቷ ነው። በ1954 ሚሲሲፒ ውስጥ ኮሲያስኮ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደች። ያሳደገቻት አያቷ ገና በጨቅላነቷ ማንበብ አስተማረቻት፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በምዕመናን ፊት ቆማ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶችን በቃሏ ትወጣ ነበር። በኋላ ሚልዋኪ እናቷ ዘንድ ስትኖር ተደጋጋሚ ጾታዊ ጥቃት ደረሰባት፤ በ14 ዓመቷ የወለደችው ሕፃንም ሞተባት። ናሽቪል ያለው አባቷ፣ ፀጉር አስተካካዩ ቨርነን ዊንፍሬ፣ መጽሐፍ እያነበበች ያነበበችውን ጽፋ እንድታመጣ በማስገደድ ሥርዓት አስያዛት። ተማሪ ሳለች በዚያው ከተማ ሬዲዮ ዜና አነበበች። ሰው ዝም የሚለው የሚናገረው ነገር ስለሌለው እንዳልሆነ ከማንም በፊት ከራሷ ታውቅ ነበር።

በጥር 1984 ቺካጎ ገብታ «ኤኤም ቺካጎ» የተባለውን መሰናዶ ስትረከብ መሰናዶው በተመልካች ብዛት ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነበር። ተፎካካሪዋ ፊል ዶናሁ ነው፤ ከ1967 ጀምሮ ማይክሮፎኑን ይዞ ወደ ተመልካቾች መሀል በመግባት የዚህን ዓይነት መሰናዶ መልክ ያወጣው ሰው። ኦፕራ በጥቂት ወራት ውስጥ በቺካጎ በለጠችው፤ ያለ ዶናሁ የእሷ መሰናዶ እንደማይኖር ግን ራሷ መስክራለች። እሱ በክርክር የሚያሞቀውን አዳራሽ እሷ የራሷን ሕይወት እያነሳች ወደ ራሷ ታቀርበው ነበር። መስከረም 8 ቀን 1986 «ዘ ኦፕራ ዊንፍሬ ሾው» በመላው አሜሪካ መተላለፍ ጀመረ። በ1988 የመሰናዶው ባለቤትነት «ሃርፖ» ወደተባለው ወደ ራሷ ኩባንያ ዞረ፤ መሰናዶውም በጠቅላላው 25 ዓመት ያህል ዘለቀ።

እነዚህ ዓመታት ሁሉ የሚያኮሩ አይደሉም። በ1988 ነጭ ዘረኛ ወጣቶችን ስቱዲዮ ጋብዛ ልታፋጥጣቸው ሞከረች። በመሀሉ ግን እሷ እነሱን እያጋለጠች ሳይሆን እነሱ በእሷ መድረክ እየተጠቀሙ መሆኑን እንደተረዳችና ከዚያ ወዲህ እንዲህ ላለው ነገር መድረኳን እንደማትሰጥ እንደወሰነች ተናግራለች። ለዚህ ሙያ ትልቅ ውሳኔ ነው። ማዳመጥ ኃይል ነውና ለማን እንደሚሰጥ መምረጥ ያስፈልጋል።

ኃይሉ ለማን ሲሰጥ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አዲስ አበባ ታውቃለች። ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ከባለቤታቸው ጋር ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ከ1974 ጀምሮ በተራዘመ ምጥ የተጎዱ ሴቶችን ሲያክም፣ ብዙው ዓለም የበሽታውን ስም እንኳ ሰምቶ አያውቅም ነበር። በ2004 ዶክተር ሃምሊን በኦፕራ መሰናዶ ቀረቡ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሜሪካውያንም ሽንት መቆጣጠር ተስኗት ከቤተሰቧ የተገለለች የገጠር ሴት ምን እንደሚደርስባት ሰሙ። ኦፕራ ቆይታ ራሷ አዲስ አበባ መጥታ ሆስፒታሉን ጎበኘች። ቀን በሚተላለፍ የመዝናኛ መሰናዶ ላይ ስለ ሽንትና ስለ መገለል በግልጽ ማውራት የሚቻለው፣ አቅራቢዋ ሳታፍርና ሳትጸየፍ ስታዳምጥ ተመልካቹ ከቆየ ነው።

በ2010 ደግሞ በልጅነታቸው የተደፈሩ 200 ወንዶች እያንዳንዳቸው የልጅነት ፎቶግራፋቸውን ይዘው ስቱዲዮዋ ውስጥ ቆሙ። ስለ ቃለ መጠይቅ የሚያስተምር ሰው ይህን መሰናዶ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ይገባል።

ተዋናይነቷስ? ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ሥራ ይቆጥረዋል፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። ሙዚቀኛውና የፊልም ፕሮዲውሰሩ ኩዊንሲ ጆንስ ቺካጎ ሆቴል ውስጥ ቴሌቪዥን ሲያይ አግኝቷት ለ«ዘ ከለር ፐርፕል» ፊልም አሳጫት። በ1985 በወጣው በዚህ የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም የሶፊያን ገጸ ባሕርይ ተጫውታ በረዳት ተዋናይት ዘርፍ ለኦስካር ታጨች። የማዕዱን ትዕይንት ያየ አይረሳውም። እስር ቤት ከርማ የተሰበረችው ሶፊያ ዝም ብላ ተቀምጣለች፣ ሌላው ይናገራል፣ ይጣላል፣ በመጨረሻ እሷ ትናገራለች። ስፒልበርግ የሌሎቹን ሲቀርጽ እሷ ለቀናት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስታይና ስትሰማ እንደቆየችና ንግግሯ የመጣው ከዚያ በኋላ እንደሆነ ኦፕራ አውግታለች። ጠዋት ጠዋት ባልቲሞር ላይ የተማረችው ነገር ነው፤ ቦታው ብቻ ተቀየረ።

«ቢላቭድ» ግን ከበዳት። የቶኒ ሞሪሰንን ልብ ወለድ ፊልም ለማድረግ ዓመታት ለፋች፣ በ1998 ሲወጣ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ሴተን ራሷ ተጫወተች፣ ሲኒማ ቤቶች ግን ባዶ ሆኑ፤ ኀዘኑ ምን ያህል እንደጎዳት አልደበቀችም። ፊልሙ ረጅምና ጨለማ መሆኑ አንድ ምክንያት ነው። ሌላው ግን የአቅራቢነት ዕዳ ይመስላል። በየቀኑ ሳሎን ውስጥ የሚታይ ፊት ሌላ ሰው ነኝ ሲል ተመልካች ለማመን ጊዜ ይፈልጋል። ሶፊያን ስትሆን አገር ገና አላወቃትም ነበር፤ ሴተን ስትሆን ግን የማያውቃት አልነበረም።

ያን ዕዳ ከከፈለችባቸው ሥራዎች አንዱ በ2017 በኤችቢኦ የቀረበው «የሄንሪዬታ ላክስ የማይሞት ሕይወት» ነው። ሄንሪዬታ በ1951 በማኅፀን በር ካንሰር የሞተች፣ ሴሎቿ ሳትጠየቅ ተወስደው በዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ የተባዙ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ኦፕራ የሆነችው ልጇን ዲቦራን ነው፤ ከፊቷ የተቀመጠችው ጠያቂ ደግሞ ሮዝ በርን የተጫወተቻት ጋዜጠኛዋ ርብቃ ስክሉት ናት። ስለዚህ እዚህ ላይ ጠያቂዋ ተጠያቂ ሆናለች። ዲቦራ ጋዜጠኛዋን ትወዳለች፣ ወዲያው ትጠረጥራታለች፣ የእናቷን የሕክምና መዝገብ ታሳያታለች፣ መልሳ ትነጥቃታለች። ሰው ሊናገር ሲል የሚታይበትን ማፈግፈግ፣ ከሣቅ ወደ ቁጣ የሚዞርበትን ፍጥነት፣ «ይህቺ ሴት ከእኔ ምን ትፈልጋለች?» የሚለውን ጥርጣሬ ኦፕራ ለ25 ዓመት ከወንበሩ ወዲያ ማዶ ስታይ ኖራለች። በዲቦራ ሚና ውስጥ ያ ሁሉ እንግዳ አለ። በሙያው ላይ ያለ ሰው ይህን ፊልም ሲያይ ኦፕራን ትቶ ዲቦራን ያምናል፤ አልፎ አልፎም ጋዜጠኛዋ ጥያቄዋን ትንሽ ብታዘገየው ብሎ ይመኛል።