የማን ሚስት?

ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ያለችውን ሐርላን ያነሳ ሰው ግዙፎቹን ሳያነሳ አያልፍም። ያን ሁሉ ድንጋይ የካቡት ግዙፍ ሰዎች ናቸው ይባላል። ቁፋሮው ያወጣው ግን የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ ዶቃ፣ የቻይና ሸክላ ነው፤ የነጋዴና የአንጥረኛ መንደር። የሐርላ ሰዎች «ፉቱሕ አል ሐበሻ» ውስጥም አሉ፤ ከኢማም አሕመድ ጋር ከዘመቱት መሐል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ እኛ ወይ ግዙፍ ወይ ጥላ ያደረግናት ሴት አለች፦ ባቲ ድል ወንበራ፣ የኢማሙ ሚስት።

ጸሐፊው አረብ ፈቂህ የኢማሙ ወገን ነው፣ አይደብቀውም። ስለ ጦር አዛዦቹ ሲሆን ብዕሩ አይደክመውም። ስለ እሷ ግን ቁጥብ ነው። ወታደሮቹ መዝመቷን ተቃወሙ፤ ዘመተች። ነፍሰ ጡር ሆና ገደሉን በሰው ትከሻ ወጣች፣ ወረደች። በ1531 እና በ1533 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሁለት ወንዶች ልጆች በዘመቻ ላይ ወለደች። ምን እንዳሰበች ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ግን ጦሙን ያድራል። አባቷን ማሕፉዝን የልብነ ድንግል ጦር በ1517 እንደገደለው ካላስታወስን፣ ባሏን ተከትላ የሄደች ብቻ ትመስለናለች።

እኔ ኮድ ጸሐፊ ነኝ፤ ሲስተም ሲወድቅ መጀመሪያ የማየው ሎጉ የት ላይ እንደተቋረጠ ነው። ከ«ፉቱሕ» እጃችን የገባው ክፍል የሚቋረጠው ኢማሙ ገና በድል ላይ ሳለ ነው። የሷ ትልቁ ፖለቲካ የሚጀምረው ደግሞ እሱ በ1543 ከተገደለ በኋላ! ልጇ መሐመድ በክርስቲያኖቹ እጅ ወደቀ። የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጅ ሚናስ ቀድሞ ተማርኮ ነበር። ሁለቱም ባል የሞተባቸው እናቶች ተደራደሩ፣ ልጆቻቸውን ተለዋወጡ።

ከዚያ ሐረር። የባሌን ደም ለሚመልስ ካልሆነ አላገባም አለች ይባላል። የኢማሙን የእህት ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገባች፤ ኑር በ1559 ከአጼ ገላውዴዎስ ጋር ገጠመ፣ ንጉሡም ወደቀ። ዙፋኑን ማን ወረሰ? በልጇ የለወጠችው ሚናስ።

ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አንዱ «ጀግና እናታችን» ይላታል፣ ሌላው «የበቀል እሳት»። ሦስተኛው ደግሞ ምርኮኞች እንዳይገደሉ ትከላከል ነበር የሚለውን ይዞ የሰላም አምባሳደር ያደርጋታል። ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ፤ ለስለስ ያለ ስለሆነ ማንም አይጠይቀውም። ምርኮኛ ያዳነችውና ጦርነቱ እንዲቀጥል የፈለገችው አንዲት ሴት ናት።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ሕንድ ውስጥ የሂንዱ ብሔርተኞቹ ድርጅት ሴት ስለማያስገባ፣ በ1936 ራሽትሪያ ሴቪካ ሳሚቲ የሚባል የሴቶች ማኅበር ለብቻው ተመሠረተ። ስለነዚህ ሴቶች ስናወራም «ተታለው ነው» ወይም «ነፃ ወጥተው ነው» ማለት ይቀለናል። አምነውበት፣ አስበውበት ይሆናል ካልን ተጠያቂም ልናደርጋቸው ነው። ድል ወንበራንም ከባሏ ስም ጀርባ የምናስቀምጣት ለዚህ ይመስለኛል፤ እዚያ ሆና አትወቀስም፣ አትጠየቅምም።

የሁለቱን እናቶች ድርድር የሚተርክ የአማርኛ ልብ ወለድ እስካሁን አላጋጠመኝም። የመጀመሪያውን መልእክተኛ የላከችው የትኛዋ ትሆን? ምን ብላ?