ስለ ሐበሻዊቷ ልጃገረድ

እንግሊዛዊው ባለ ቅኔ ኮልሪጅ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1816 ባሳተመው «ኩብላ ካን» አንዲት ሐበሻዊት ልጃገረድ ስለ አቦራ ተራራ ስትዘምር በራእይ እንዳየ ይናገራል። በእጅ ጽሕፈቱ ግን ተራራው «አማራ» ይባላል፤ ይኸውም ቀድሞ ሚልተን አንዳንዶች ገነት ይሉታል ብሎ የጻፈው፣ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ተራራ ነው። ይህን መጀመሪያ ሳነብ እጅግ ኰራሁ። ኋላ ግን አምባ ግሸን ትዝ አለኝ። ለታሰሩት ልጆች ያ አምባ ገነት አልነበረም። ባለ ቅኔውን አልነቅፍም፤ አገራችንን በዓይኑ አላየም። የፈለገውም አገር ሳይሆን የልጅቱን ዜማ በልቡ መልሶ ማግኘት ነበር፤ ያን ቢያገኝ የንጉሡን አዳራሽ በአየር ላይ እንደሚሠራ ይናገራል። ይህ የነፍስ ረኃብ እውነተኛ ነው። የምነቅፈው የራሴን ንባብ ነው፤ በባዕድ ሕልም ስኰራ እስረኞቹን ረስቼ ነበር።