ከጠብታው በፊት

የጆሮ ፈንገስ ያለበት ሰው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ የሐኪሙ እጅ ቶሎ የሚዘረጋው ወደ ማዘዣ ወረቀቱ ነው። የፊተኛው ጠብታ አቅም አንሶታል፣ ጠንከር ያለ ይታዘዝ ይባላል። እኔ ግን እየተመላለሰ የሚያስቸግረው ፈንገስ ባብዛኛው መድኃኒት ሳይደርሰው የቀረ ነው ባይ ነኝ። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቱቦ ርዝመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆንም ቀጥ ያለ አይደለም፤ መሐሉ ይጠብና ታምቡሩ አጠገብ ከፊት በታች በኩል ይጎደጉዳል። የረገፈ ቆዳና የፈንገስ ክር ተጣብቀው የሚከማቹት እዚያ ነው። አስፐርጊለስ ናይጀር ሲሆን ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት የራሰ ወረቀት ይመስላል፤ ካንዲዳ ሲሆን እንደ አይብ ይነጣል። 1% ክሎትሪማዞል ለሁለቱም ይሠራል፤ ሆኖም ጠብታው ክምሩ ላይ አርፎ ከቀረ ሥር ያለውን ቆዳ ከየት ያገኘዋል? ስለዚህ አንገት በላይ ሐኪም በማይክሮስኮፕ እያየ ክምሩን መጥጦ ማውጣቱ የሕክምናው ግማሽ ነው፤ እሱም አንድ ቀን ብቻ አይበቃም።

ማጽዳቱ ራሱ ያቆስላል የሚሉ አሉ። ሳያዩ ከጎረጎሩ እውነት ነው። በስሪንጅ ውኃ ረጭቶ ማጠብም እርጥበት ትቶ ይሄዳል፤ ታምቡሩ የተበሳ ከሆነማ ጭራሽ አይሞከርም። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ጤና ጣቢያ የግንባር መብራትና በቀጭን ዘንግ ላይ የተጠቀለለ ደረቅ ጥጥ፣ ከትዕግሥት ጋር፣ ብዙ ይሠራል። የሚዋጥ ይሰጥ ለሚሉም፣ ፍሉኮናዞል ካንዲዳን እንጂ አስፐርጊለስን አይነካም።

ከበድ የሚለው ጥያቄ ሌላ ነው፤ በደንብ ተጸድቶም የሚመለስ አለ። እዚህ ላይ እኛ ሐኪሞችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ፈንገሱ ሳይለይ ለማሳከኩ የምናዝዘው ፀረ ባክቴሪያና ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ጠብታ ባክቴሪያውን ጠርጎ፣ የቆዳውን መከላከያ አዳክሞ፣ ቤቱን ለፈንገሱ ያስረክበዋል። ታካሚውም በበኩሉ ኩክን እንደ እድፍ ቆጥሮ በጥጥ ይጠርገዋል፤ ያ ኩክ ግን አሲድነት ያለው፣ ውኃ የማያሳልፍ መከላከያው ነበር። ያልታወቀ የስኳር በሽታም ሊኖር ስለሚችል ደም መመርመር ይገባል። ደግሞ ማሳከኩ በጥቂት ቀን ሲተው ጠብታው ይረሳል፤ ሁለት ሳምንት ያህል መቀጠል ነበረበት። ታካሚው ድኛለሁ ቢልም ቀጠሮው አይሰረዝም፤ ያ ጎድጓዳ ቦታ በመብራት ዳግም መታየት አለበት።