ሠዓሊ አናድርጋት

በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ስለኖረች አንዲት የጎንደር ሴት ልቦለድ እየጻፍሁ ነው ስል፣ የሚሰማኝ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ምክር ይለግሰኛል፦ ሠዓሊ አድርጊያት። ሌሊት ሌሊት ተደብቃ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ትሣል፤ ሲነጋ ምስጋናውን ወንዱ ይውሰድ። ረቂቁን ያነበበ አንድ አርታኢም “እንዲህ ከሆነ ይሸጣል” ብሎኛል። አልዋሸም፣ ይሸጣል። ግን ጎንደር ላይ ነገሩ እንዲያ አልነበረም።

ሆላንድ ላይ ነበረ። ሠዓሊዋ ዩዲት ላይስተር በ1609 እ.ኤ.አ. ሃርለም ከተማ ተወለደች፤ በ1633 የከተማው የሠዓልያን ማኅበር አባል ሆነች። ከሞተች በኋላ ግን ስሟ ተረሳና ሥራዎቿ የወንዱ ሠዓሊ የፍራንስ ሃልስ ናቸው እየተባሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። በ1893 አንድ የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚ የሃልስ ነው በተባለ ሥዕል ላይ ከኮከብ ጋር የተቆላለፈ የስሟን ምልክት አገኘ። ስለ እሷ ልቦለድ የሚጽፍ ሰው የተሰረቀች ሠዓሊ ታሪክን መፍጠር አያስፈልገውም። ሥዕሉ አለ፣ ምልክቱ አለ፣ ስሟን የሸፈነው ሰው ስምም አለ።

ይህንኑ ታሪክ ነቅለን ጎንደር ብንተክለው ግን አይጸድቅም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የካህንና የደብተራ ሙያ ነበር፤ ከእነሱም አብዛኞቹ በሥራቸው ላይ ስማቸውን አላኖሩም። ስሙ የጠፋ ሰው የሣለውን ነጥቄ እኔ ለፈጠርኋት ሴት ብሸልማት ለማን ፍርድ ሰጠሁ? ከዚያ የሚብሰው ደግሞ፣ ሴትዮዋ የምትከበረው በወንዱ ሙያ ውስጥ ገብታ ስትገኝ ነው ብዬ መፍረዴ ነው። የእጇን ሙያ ማን ይየው?

ሠዓሊነቷን እንቢ ስል ሁለተኛው ምክር ይከተላል፦ እንግዲያስ ሸማኔ ትሁን። ይሄም አይሆንም። ጉድጓድ ውስጥ እግሩን አስገብቶ የሚሸምነው ወንዱ ነው። የሴቷ ሙያ ፈትል ነው። ታሪካዊ ልቦለድ ጸሐፊ ሥራው እዚህ ላይ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ፤ ባለታሪኳን ወደሌላ ወንበር ከማዛወር ይልቅ፣ የተቀመጠችበትን በርጩማ ቀርቦ ማየት።

ቀርበን እንይ። ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጣል፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የብረት መዳመጫው ሲንከባለልበት ፍሬው ፈልቅቆ ይወጣል። ከዚያ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል። ፈታይዋ ባዘቶውን በአንድ እጇ ይዛ እንዝርቱን ታፋዋ ላይ ታሾረዋለች፤ ክሩ ይረዝማል፣ ይከራል፣ ይጠቀለላል፤ ሲበዛ ልቃቂት ነው። ጥበቡ ያለው ግን በክረቱ ላይ ነው። ለድር የሚሆነው ቀጠንና ጠበቅ ማለት አለበት፤ ተወጥሮ ስለሚውል ላላ ካለ ይበጠሳል። ለማግ የሚሆነው ለስለስ ይበል፤ ጨርቁን የሚያሞቀው እሱ ነው። ይህን የምትለየው በዓይኗ አይደለም፣ በጣቷ ነው። ሸማኔው እጁ ሲገባ የቤቱን ሙያ በክሩ ያውቀዋል፤ ይቺ ቤት ጨዋ ፈታይ አለቻት ወይስ የላትም የሚለው ሐሜት ከዚያ ነው የሚነሳው። ልቦለድ ለሚጽፍ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የት ይገኛል? ውድድር አለ፣ ቅናት አለ፣ ዝና አለ። ዝናው ከሰፈር ስለማያልፍ መጽሐፍ ላይ አልተጻፈም እንጂ።

በረቂቄ ውስጥ አዲስ ሙሽራ የሆነች የመኳንንት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የባሏ ቤት ሴቶች ፊት ትፈትላለች። አሮጊቷ የፈትል ገረድ ጀርባዋን ሰጥታ ባዘቶ እያዘጋጀች ነው።

“ለማግ ይሁንልዎ እመቤቴ፤ ለድር ግን አይበጅም።”

“መች ዞር ብለሽ አየሽውና?”

“አላየሁትም፤ እንዝርትዎ ሲዘል ሰማሁት።”

በአንቱታና በአንቺታው ማን ባለቤት ማን ገረድ እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ዳኝነቱ ግን የገረዷ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ስለነበረው የሴቶች ሥልጣን ሁለት ገጽ ሐተታ ጽፌ ነበር፤ እነዚህ ሦስት መስመሮች ስላሉት አወጣሁት።

እግረ መንገዴን ስለ ቡና ልናገር። ሴቶች ተሰብስበው እንዲያወሩ ሲፈለግ የዛሬ ጸሐፊ እጁ በራሱ ወደ ጀበና ይሄዳል፤ ረከቦት ይቀርባል፣ ዕጣን ይጤሳል፣ ሦስተኛው ሲቀዳ ምስጢር ይወጣል። የምንትዋብ ጎንደር ውስጥ ይህን ማድረግ አይቻልም። እስከ ምኒልክ ዘመን ድረስ ብዙው የደጋ ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ይርቀው ነበር። ድንችም የለም፤ ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ ያስገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ነው ይባላል። ባሕር ዛፍም ገና ነው፣ ስለዚህ ጀግናዋ ሥሩ ቆማ አታለቅስም። እንዲህ ዓይነቱ ክልከላ ያናድዳል፣ ግን ይጠቅማል። ጀበናው ሲወሰድብኝ ሴቶቹ በእርግጥ የት ይገናኙ እንደነበር መፈለግ ግድ ሆነብኝ፦ ወፍጮ ቤት፣ ቀሃ ወንዝ፣ ለቅሶ ቤት፣ ከሁሉም በላይ ፈትል ላይ። እጅ ሥራ ሲይዝ ምላስ ይፈታል፤ ዓይን ለዓይን መተያየት የለምና ከባዱ ነገር ሳይቀር ይነገራል።

ታሪኩን ከቤት ያወጣልኝም ይኸው ክር ነው። በጻድቁ አፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ.፣ በጉባኤ በተወሰነው መሠረት ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ተደርጎ ነበር። ሸማኔው ደግሞ በብዛት ከእነሱ ወገን ነው። ስለዚህ በክርስቲያኗ ወይዘሮ እልፍኝ የተፈተለ ልቃቂት ገረዲቱ ተሸክማው ወደ ሙስሊሞቹ ሰፈር ወደ አዲስ ዓለም ትወርዳለች፤ ከሙስሊሙ ሸማኔ ጋር ስለ ድሩ ትከራከራለች፤ ጨርቁ ተሠርቶ ተመልሶ ቤተ ክርስቲያን ይለበሳል። እመቤቲቱ የማትረግጠውን ሰፈር ገረዲቱ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ከዚህ ወዲያ ታሪኩ የእመቤቲቱ መሆኑ ቀረና የገረዲቱ ሆነ።

ስም የጠፋው የሴት ብቻ ነው ብዬ እንዳልዋሽ አንድ ነገር ልጨምር። ከጎንደር ዘመን የቀሩልን ትልልቅ የሐር መጋረጃዎች አሉ፤ አንዱ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ አንዱ ቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። የለንደኑ በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ የተዘረፈ ነው። በሐር ክር ሰው ከነልብሱ ከነመሣሪያው ተሠርቶባቸዋል። የሠሩት ወንዶችም ስማቸው የለም። ጌታው እንጂ እጁ አይጻፍም ነበር። ልዩነቱ፣ የሸማኔው ሥራ ሙዚየም ገባ፤ የፈታይዋ ሥራ ግን ተለብሶ አለቀ።

ስማቸው ከተጻፈ ሴቶች ጋር ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይይዘኛል። እቴጌ ምንትዋብ ከ1730 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለልጃቸው ሞግዚት ሆነው አገር ገዝተዋል፣ ቁስቋምን አሠርተዋል፣ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን አስተክለዋል። እዚያው ናርጋ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። ሥዕሉን ያየ ትሕትናቸውን ያደንቃል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ልብሳቸውን ነው፤ ተደፍተውም ንግሥት መሆናቸው እንዳይረሳ ተጠንቅቀዋል። ሠዓሊው ወንድ ነው፤ ግን ከፍሎ ያሠራ ሰው ምን ይሣል ማለቱም ጥበብ አይደለም ትላላችሁ? ሆኖም ወደ ልባቸው አልገባም። በልቦለዴ ውስጥ ምንትዋብ የሚታዩት በገረዲቱ ዓይን፣ ከታች ወደ ላይ ነው፤ የሚናገሩትም ጥቂት ነው። የሚታወቅ ሰው ሲሆን ታሪክ የሚለውን አልቃረንም፤ የምፈጥረው ከጎኑ የቆመውን ስም የለሽ ሰው ነው። ይህን ያስተማረኝ ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ነው። ጻድቋ ባረፉ በሠላሳ ዓመቱ፣ በ1672 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ነው። ሊቃውንቱ የሚያነቡት ጻድቋ የካቶሊክን እምነት እንዴት እንደተቃወሙ ነው፤ እኔ የምፈልገው ግን ከሥር ያለውን ነው፦ አብረዋቸው የኖሩት መነኮሳይያት ጠብ፣ ሕመም፣ ከመነኩሲቷ ከእህተ ክርስቶስ ጋር የነበራቸው ወዳጅነት። ጸሐፊው ገላውዴዎስ ተአምሩን ለመመስከር ሲል የጓዳውን ኑሮ ሳያስበው መዝግቦልናል።

የመጽሐፉ ልብ ግን ለቅሶ ነው። በ1769 እ.ኤ.አ. ራስ ሚካኤል ስሑል የምንትዋብን የልጅ ልጅ አፄ ኢዮአስን አስገደሉ። በአሟሟቱ ላይ ትረካዎቹ ይለያያሉ፤ ልቦለዴ በጨርቅ ታንቆ ሞተ የሚለውን ይዟል። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲደርስ የምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ አስቴር የዚሁ የራስ ሚካኤል ሚስት ነበሩ። እንግዲህ ይታያችሁ፦ አያት ያለቅሳሉ፣ ገዳዩ ከተማውን ይገዛል፣ አማችም ነው። በእንዲህ ያለ ለቅሶ ላይ ሙሾ የሚያወርድ ማን ነው?

ፈታይዋ ናት። አልቃሽነት የዚያ አገር ሴት አደባባይ ወጥታ ምላሷን የምታስመሰክርበት ጥበብ ነው፣ ቅኔ ቤት ያልገባችበት ቅኔ። አልቃሽ ዝም ብላ አታለቅስም። አስቀድማ ትጠይቃለች፦ የማን ልጅ ነው፣ ምን ሠራ፣ ማን አስቀየመው፣ ማን ተቀምጧል ለቅሶው ላይ። ከዚያ እዚያው ቆማ ትገጥማለች፣ ስትጨርስ ደረት ይመታል። ግጥሙ በሰው አፍ ይቀራል፣ ገጣሚዋ አትቀርም። በአፍ የቀረውን አንስቼ በእሷ ስም አልጽፍም፤ አንባቢ እውነት አድርጎ ይይዘዋል። ስለዚህ ለእሷ እኔው ልገጥምላት ነው። ስድስት ስድስት ቀለም፣ ሰሙ የፈታይ ጸጸት፣ ወርቁ ክስ፦

ሰው አትውቀሱበት፣ ፈታይዋ እኔ ነኝ፤
ድሩን ሳጠነክር አንገት መቼ ታየኝ።

በወጣትነታቸው ሙሾ ሲያወርዱ የሚታወቁ አክስት አሉኝ፤ አነበብሁላቸው። ቤት መምታቱን ወደዱት፣ ነገሩን ግን አልወደዱትም። “አንገት ያለች ሴት አንገቷን ይዛ አታድርም” አሉኝ። “ድሩ ጠነከረብኝ ብቻ ትበል፤ የቀረውን ለቀስተኛው ይሞላዋል።” ራስ ሚካኤል ለቅሶው ላይ ጆሮ እንደማያጡ እሳቸው ከእኔ ይልቅ ገብቷቸዋል። እኔ ደግሞ አንገት ከወጣ ግጥሙ ምን ይቀረዋል ብዬ እስካሁን እየተሟገትኋቸው ነው።